ደመወዝ በእንጀራ ሲለካ

ነገሩ የተጀመረው በክፍል ሥራ ነው። የዜና አጻጻፍ መምህራችን በ2018 ዓ.ም. መስከረም ወር ሥራ ላይ የዋለውን የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ መነሻ አድርገን አጭር ዜና እንድንጽፍ አዘዙን። መረጃው ግልጽ ነበር። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ21,492 ብር ወደ 39,000 ብር ከፍ ብሏል። እኔም ቁጥሮቹን ደረደርኩና ‹‹የሠራተኛው ደመወዝ ጨመረ›› የሚል ርዕስ ሰጠሁት። በጽሑፌ ኮራ ብዬ እሁድ ማታ ለታላቅ እህቴ አነበብኩላት።

እህቴ የጽዳት ሠራተኛ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ ሕንጻ ታጸዳለች። የቀጠራት ግን የሕንጻው ባለቤት ሳይሆን ኤጀንሲ ነው። ዜናውን እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጠችኝና፣

‹‹አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር እኔን ይነካል?›› አለችኝ።

‹‹አይ እቴቴ፣ ይሄ እኮ ለመንግሥት ሠራተኛ ነው›› አልኳት።

‹‹ታዲያ ለምን ‘የሠራተኛው’ አልክ? እኔ ሠራተኛ አይደለሁም?››

መልስ አልነበረኝም። መምህራችንም በማግስቱ ወረቀቴን ሲመልሱልኝ ከርዕሱ አጠገብ ‹‹የየትኛው ሠራተኛ?›› ብለው በቀይ ጽፈውበት ነበር። አንዷ ደመወዟን ቆጥራ፣ አንደኛው ሙያውን ጠብቀው፣ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። በአገራችን ሙሉ ቀን እየሠራ ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰው ለምን በዛ? ‹‹ደመወዝ ጨመረ›› የሚለው ዜናስ ለማን ነው የሚሠራው? እስኪ አብረን እንየው።

የአንድ ወር ሒሳብ

ስሟንም የድርጅቱንም ስም ላልጠቅስ ቃል ገብቼላት፣ እህቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ወሯን እንድንቆጥር ፈቀደችልኝ። ወርኃዊ ደመወዟ 3,800 ብር ነው። ከዚህ ላይ የሥራ ግብር 270 ብር፣ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ማለትም 266 ብር ይቆረጣል። እጇ ላይ የሚገባው 3,264 ብር ነው።

ቤት የምትኖረው በደባልነት ነው። ሦስት ሴቶች ሆነው አንድ ክፍል በ4,500 ብር ተከራይተዋል፤ የእሷ ድርሻ 1,500 ብር ይሆናል። ለትራንስፖርት ግማሹን መንገድ በእግሯ ሄዳ፣ ግማሹን በታክሲ ተሳፍራ በቀን 30 ብር ታወጣለች። በወር 26 የሥራ ቀን ስላላት ይህ 780 ብር ነው። ከኪራይና ከታክሲ በኋላ የቀረላት 984 ብር ሆነ። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 32 ብር ከ80 ሳንቲም።

በሰፈሯ አንድ እንጀራ 25 ብር ነው። እንግዲህ ሳሙናው፣ ዘይቱ፣ ሽሮው፣ ከሰሉ፣ የሞባይል ካርዱ፣ የእድሩ መዋጮ፣ የሴት ልጅ ወርኃዊ ወጪ፣ ሁሉም ከዚህች ከ32 ብር ነው የሚወጣው።

እዚህ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ምክንያቱም በየወሩ ‹‹ለፎቶ ኮፒ›› እያለች የምትሰጠኝ 200 ብር በሒሳቡ ውስጥ አልተካተተም። እሱ ሲቀነስ ቀሪው 784 ብር፣ በቀን 26 ብር ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ገንዘብ ስቀበል ከየት እንደሚመጣ አስቤው አላውቅም ነበር። ለካ የምቀበለው ከሳህኗ ላይ ነው። ‹‹እንዴት ነው ታዲያ የምትኖሪው?›› ብላት፣ ‹‹እሁድ እሁድ ሰው ቤት ልብስ አጥብ የለ!›› ብላ ሳቀች። የዕረፍት ቀኗን ሸጣ ነው ወሩን የምታደርሰው ማለት ነው።

ሌላም ስሌት ሠራን። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ሲሠራ 208 ሰዓት ይመጣል። 3,264 ብር ለ208 ሲካፈል በሰዓት 15 ብር ከ69 ሳንቲም ገደማ ነው። ስለዚህ አንዲት እንጀራ ለመግዛት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ደረጃ መወልወል አለባት። ወጡ ሳይቆጠር።

ሦስቱ ደመወዞች

ብዙዎቻችን ደመወዝ አንድ ነገር ይመስለናል። ሦስት ነው። አንደኛው በውሉ ላይ የተጻፈው ነው። ሁለተኛው ግብርና ጡረታ ተቆርጦለት እጅ ላይ የሚደርሰው የተጣራ ደመወዝ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በዚያ ገንዘብ ገበያ ወጥተን ይዘነው የምንመለሰው ዕቃ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን ሦስተኛውን ‹‹እውነተኛ ደመወዝ›› ይሉታል። ሰው የሚኖረው በሦስተኛው ነው፤ ዜና የሚሠራው ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በመጀመሪያው ነው።

ልዩነቱን የእህቴ ታሪክ በደንብ ያሳየዋል። እስከ 2018 ዓ.ም. ጥቅምት ድረስ ደመወዟ 3,500 ብር ነበር። በዚያ ወር 300 ብር ተጨመረላት። በወረቀት ላይ ሲታይ ከ8 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። ነገር ግን ከ300ው ላይ 15 በመቶ ግብር፣ 7 በመቶ ጡረታ ተቆርጦ እጇ የደረሰው 234 ብር ነው። በዚያው ወር አከራይዋ የክፍሉን ኪራይ ከ3,600 ወደ 4,500 ብር አወጡት፤ የእሷ ድርሻ ከ1,200 ወደ 1,500 አደገ። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። 234 ገባ፣ 300 ወጣ። እህቴ ደመወዝ ተጨመረላትና በወር 66 ብር ደኸየች።

ደግ የሆነውንም ነገር መናገር ተገቢ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የነበረው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ነበር። የብር የመግዛት አቅም በየዓመቱ ሲወርድ ያ 600 ብር ባለበት ቆመ። በመሆኑም ድሮ ‹‹ደኅና ገቢ›› ለሚያገኝ ሰው የታሰበው የግብር ምጣኔ ቀስ በቀስ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛው ላይ ወረደ። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነውን ገቢ ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። በዚህም የተነሳ እህቴ በ3,500 ብር ደመወዟ ላይ ትከፍል የነበረው 397 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ወደ 225 ብር ወረደላት። በወር 172 ብር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው፤ አሠሪዋ ከጨመረላት እጅ ላይ ከደረሰው ገንዘብ ብዙም አያንስም። የሚገርመው ይህ መሆኑን አታውቅም ነበር። የነገራትም የለም፤ የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት ስለማይሰጣት ‹‹ሐምሌ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ መጣልኝ›› ብላ ዝም አለች።

የዋጋ ንረት እንዴት ይበላል?

የዋጋ ንረት የሚባለውን ነገር በቀላል ምሳሌ እንየው። ዛሬ 100 ብር የሚያወጣ ዘንቢል አስቤዛ አለ እንበል። በዓመት 30 በመቶ ከጨመረ በሚቀጥለው ዓመት 130 ብር፣ ከዚያ በሚቀጥለው 169 ብር ይሆናል። በነዚህ ሁለት ዓመታት ደመወዙ 1,100 ብር ላይ የቆመ ሰው፣ በእጁ ያለው 1,100 ብር ድሮ 651 ብር ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው የሚገዛለት። ማንም ከደመወዙ ላይ አልቀነሰበትም፤ ግን አርባ በመቶ ገደማ ቀርቷል።

ይህ ምሳሌ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝም ለዓመታት 1,100 ብር ላይ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ ‹‹333 በመቶ ጭማሪ›› ተብሎ ተዘገበ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛ፣ ይህ ምጣኔ የዝቅተኛው ተከፋይ ብቻ ነበር፤ ከፍተኛው ደመወዝ ከ20,468 ወደ 21,492 ብር፣ ማለትም 5 በመቶ ብቻ ነው ያደገው። ሁለተኛ፣ ከጭማሪው ውስጥ ከፊሉ ባለፉት ዓመታት በዋጋ ንረት የተበላውን መመለሻ ነው። የተበደረውን የመለሰ ሰው ስጦታ ሰጠ አይባልም።

ሌላው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ‹‹እኔ ዶላር አይቼም አላውቅ፣ ምን አገባኝ?›› የሚል ይኖራል። ነገር ግን አገራችን ነዳጅ የምታስገባው ከውጭ ነው። የምግብ ዘይትም፣ መድኃኒትም፣ ማዳበሪያም በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል። ነዳጅ ሲጨምር ሽንኩርቱን የሚያመጣው አይሱዙ ኪራይ ይጨምራል፤ ማዳበሪያ ሲወደድ ጤፉ ይወደዳል። ዶላር አይታ የማታውቅ ሴት በዶላር የተነካ ሽንኩርት ትገዛለች።

ወለል የሌለው ቤት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ሲሆን የእህቴ ለምን 3,800 ሆነ? መልሱ አጭር ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል የደመወዝ እርከን አለ። በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው ግን በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲህ ያለ የደመወዝ ወለል፣ ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስ፣ አልተወሰነም። ቀጣሪና ተቀጣሪ የተስማሙበት ሁሉ ሕጋዊ ነው።

ሕጉ ግን ነገሩን አልረሳውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም፣ ቦርዱም የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንደሚከልስ ይደነግጋል። ዝርዝሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንደሚወስንም ተጽፏል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም፣ በአጭሩ ኢሠማኮ፣ ይህ ወለል እንዲወሰን በተደጋጋሚ ጠይቋል። በወረቀት ላይ በሩ ተሠርቷል፤ ቤቱ ግን ወለል አላገኘም።

ወለል አለመኖሩ ብቻውን ደመወዝን ዝቅ አያደርግም። ዝቅ የሚያደርገው ከወለሉ አለመኖር ጋር የሚመጣው ፉክክር ነው። ኤጀንሲዎችን እንውሰድ። አንድ ሕንጻ የጽዳት ጨረታ ሲያወጣ፣ ብዙ ኤጀንሲዎች ዋጋ ይሰጣሉ። የጽዳት ሥራ ማሽንና ዕቃው ጥቂት ነው፤ ትልቁ ወጪ የሰው ደመወዝ ነው። እንግዲህ አንዱ ኤጀንሲ ከሌላው አንሶ ለማሸነፍ ከየት ይቀንሳል? ከሳሙናው ቢቀንስ ሕንጻው ይቆሽሻል። የሚቀነሰው ከሠራተኛዋ ነው። ሠራተኛዋም ‹‹ይህ አነሰኝ›› ካለች ውጭ በር ላይ ሥራ ፈላጊ ተሰልፏል። አሠሪዎቹ ሁሉ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አንድ ደግ ኤጀንሲ ተነስቶ 6,000 ልክፈል ቢል ጨረታውን ይሸነፋል። የደመወዝ ወለል ጥቅሙ ይህ ነው፤ ደጉን ሰው ከክፉው ፉክክር ያድነዋል።

ሐዋሳ ያስተማረው

ይህ በአንድ ሕንጻ የሚታየው ነገር በትልቁ የታየው በኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለብዙ ሺህ ወጣቶች፣ በተለይም ለሴቶች፣ የሥራ ተስፋ ይዞ ነበር። ከማባበያዎቹ አንዱ ርካሽ የሰው ጉልበት መኖሩ ነው። በ2011 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስና የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ይፋ ያደረገው ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው እንደነበር አሳየ። በዚያው ጥናት ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207 ዶላር ነበሩ። 26 ዶላር በወቅቱ ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ነው።

ታዲያ ርካሽነቱ ለፋብሪካዎቹ ጠቀማቸው? እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ ያለው። ልጆቹ ከየገጠሩ መጥተው፣ በደባል ተከራይተው፣ ደመወዙ አላደርስ ሲላቸው ጥለው ይሄዱ ነበር። ጥናቱ እንደገለጸው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ እንደ መተካት ይቆጠር ነበር። አንዷን አሠልጥኖ መርፌው እጇን ሲለምድ ትሄዳለች፤ ሌላዋን እንደገና ከሀ ብሎ ማስተማር ነው። ርካሽ ደመወዝ ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የማያኖር ደመወዝ ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ያከስራል።

ድህነት ውድ ነው

ድሃ ትንሽ ስለሚገዛ ርካሽ ይኖራል የሚል አስተሳሰብ አለ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዘይት በባለ አምስት ሊትር ጀሪካን የሚገዛ ሰው በሊትር ሲሰላ ይረክስለታል፤ እህቴ ግን በሃይላንድ ጠርሙስ ሩብ ሩብ እያስቀዳች ስለምትገዛ ያንኑ ዘይት በውድ ትበላዋለች። ከሰል በጆንያ የሚገዛና በላስቲክ የሚገዛ አንድ ዋጋ አይከፍሉም። ወሩ አጋማሽ ላይ ገንዘብ ሲያልቅ የሰፈር ባለሱቅ በዱቤ ይሰጣታል፤ እግዜር ይስጠው፣ ግን የዱቤ ዋጋና የእጅ በእጅ ዋጋ አንድ አይደለም።

ሕግም ቢሆን በድሃ እጅ ሲገባ ይወደዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪም በተቆጣጣሪው አካል ውሳኔ መሠረት እንዲሆን ያዛል። የእህቴና የደባሎቿ ውል ግን በቃል ነው። ‹‹ሕግ እንጥቀስ ብንል ‘ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ’ ይሉናል፤ ከዚያ የት እንገባለን?›› ትላለች።

አንድ ጊዜ ደግሞ ታማ ሦስት ቀን ቀረች። የሦስቱ ቀን ደመወዝ ተቆረጠባት። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው አንድ ወርም ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ‹‹ለምን ማስረጃ አላመጣሽም?›› አልኳት። ‹‹ካርድ ማውጫና ምርመራ ከሦስት ቀን ደመወዜ ይበልጣል›› አለችኝ። ሒሳቡን ከእኔ በፊት ሠርታዋለች።

የትርፍ ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሕጉ በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን ክፍያ አንድ ተኩል፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። በበዓል ቀን ጠርተዋት ስታጸዳ የተከፈላት ግን እንደ ማንኛውም ቀን ነው። መብቷን አለማወቋ አንድ ነገር ነው፤ ብታውቅስ ማንን ይዛ ትጠይቃለች? አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ይሁን እንጂ የኤጀንሲ ሠራተኞች አንዷ ቦሌ፣ አንዷ መርካቶ፣ አንዷ ሲኤምሲ ተበታትነው ስለሚሠሩ እርስ በርስ እንኳን አይተዋወቁም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባላል። እዚህ ግን እያንዳንዷ ሃምሳ ሎሚዋን ብቻዋን ተሸክማለች።

‹‹ወለል ከተጣለ ሥራ ይዘጋል›› የሚለው ስጋት

ይህን ጉዳይ በክፍል ውስጥ ሳነሳ አንድ ጓደኛዬ ተቃወመኝ። አባቱ ሦስት ሠራተኛ የቀጠረ ትንሽ ዳቦ ቤት አላቸው። ‹‹መንግሥት 6,000 ክፈሉ ካለ አባዬ አንዷን ያስወጣል፤ ያኔ 3,800 ስታገኝ የነበረችው ዜሮ ታገኛለች›› አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በፌዝም የሚታለፍ አይደለም። ወለሉ ከአቅም በላይ ከፍ ቢል ትንንሽ ድርጅቶች ሊጎዱ፣ አንዳንዱም ውል የሌለው የጓዳ ቅጥር ሊበዛ ይችላል። በዚያ ላይ የደመወዝ ወለል የማይደርስባቸው ብዙ ናቸው። ለምሳሌ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሠራተኞች የሥራ ውል በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ የሱቅ በደረቴና የጫማ ጠራጊው ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ ቀጣሪ የላቸውም።

ነገር ግን ስጋቱ የሚያሳየው ወለል አያስፈልግም የሚለውን ሳይሆን፣ ወለሉ በጥናት ይጣል የሚለውን ነው። ሕጉም ያለው ይህንኑ ነው። ሦስቱም ወገን የተወከሉበት ቦርድ፣ ጥናት፣ በየጊዜው መከለስ። የዳቦ ቤቱና የትልቁ ሕንጻ ጽዳት አንድ ዓይነት አቅም ከሌላቸው፣ ልዩነቱን ቁጭ ብሎ የሚነጋገርበት መድረክ ያ ቦርድ ነው። ቦርዱ በሌለበት ግን ድርድሩ የሚካሄደው ወረፋ ላይ በቆመች አንዲት ሥራ ፈላጊና በአንድ ኤጀንሲ መካከል ነው። በዚያ ድርድር ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። ለጓደኛዬም ይህንኑ ነገርኩት። ‹‹የአባትህም ቃል እዚያ ቦርድ ላይ መሰማት አለበት›› ስለው፣ ‹‹እሱስ እውነትህን ነው›› አለኝ።

እኛስ ምን እንጻፍ?

እንግዲህ ነገ ጋዜጠኛ ልንሆን የምንማር ነን። የደመወዝ ዜና በየዓመቱ በጠረጴዛችን ላይ ይመጣል። ከእህቴ ሒሳብ እኔ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ‹‹ደመወዝ ጨመረ›› የሚል መግለጫ ስናገኝ ወደ ማተሚያ ከመሮጣችን በፊት ቢያንስ አራት ነገር እንጠይቅ። የማን ደመወዝ ነው የጨመረው፣ የማንስ አልጨመረም? ግብርና ጡረታ ከተቆረጠ በኋላ እጅ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው? ካለፈው ጭማሪ ወዲህ ኪራይ፣ ጤፍና ትራንስፖርት ስንት ጨመሩ? በመቶኛ የተነገረው ቁጥር የሁሉም ነው ወይስ የአንዱ እርከን ብቻ?

ምሳሌ ልስጥ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ 6,000 ብር ሲከፈለው 700 ብር የሥራ ግብር፣ 420 ብር ጡረታ ይቆረጥበታል፤ የተጣራው 4,880 ብር ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በዜናው ላይ መጨመር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ለአንባቢው ግን በመግለጫና በኑሮ መካከል ያለውን ልዩነት ያሳየዋል። ‹‹የግል ድርጅት ሠራተኞችን አይመለከትም›› የሚል ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢታከልበት ደግሞ፣ እንደ እህቴ ያለችው ሰው ‹‹እኔ ሠራተኛ አይደለሁም?›› ብላ አትጠይቅም ነበር።

የክፍል ሥራዬን አስተካክዬ ‹‹የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተሻሻለ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የደመወዝ ወለል አሁንም አልተወሰነም›› በሚል ርዕስ መልሼ ሰጠሁ። ርዕሱ ረዝሟል ተብዬ ግማሽ ማርክ ተቀነሰብኝ። ይሁን፣ ይገባኛል።

ባለፈው እሁድ ለእህቴ ይህን ጽሑፍ አነበብኩላት። የሰዓቱ ስሌት ጋ ስደርስ ‹‹አንድ ሰዓት ተኩል ለአንድ እንጀራ?›› ብላ ደገመችው። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። እኔም የፎቶ ኮፒውን ብር ከእንግዲህ እንዳትሰጠኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጽሑፍ ቤት ታይፕ እያደረግሁ ራሴን እንደምችል ነገርኳት። ተቆጣችኝ። ‹‹አንተ ተማር፤ ስትጨርስ እኛን ጻፈን›› አለችና፣ እንደ ልማዷ ሁለት መቶ ብሩን አጣጥፋ ደብተሬ ውስጥ አስገባችው። አልመለስኩላትም፤ ብመልስላት ታዝናለች። ነገር ግን ሰኞ ዕለት ፎቶ ኮፒ አላደረግሁበትም። ሩብ ሩብ እያስቀዳች እንዳትገዛ፣ ያለኝን ጨምሬበት አንድ ሊትር ዘይት ገዝቼ በደባሏ በኩል ላክሁላት።